ሷሊህ መተማ ላይ የሠራው የጦር መርከብ

ጨው ሻጭ ነኝ፤ ከጎኑ በርበሬም አስቀምጣለሁ። አገሩ ሁሉ «ታይቱ ነገር ሳታጣራ ጨው አትሰፍርም» ይለኛል፤ አልክድም። ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ፊቱ ለምን እንደጠቆረ ሳላውቅ ከዋልኩ እህል አይወርድልኝም። ስለዚህ ጣሊያን መተማን በያዘ በሦስተኛው ክረምት፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ሷሊህ ከመደቤ አጠገብ ዳስ ተክሎ ሲቀመጥ፣ ገና መዶሻውን ሳያነሣ ጥያቄ ጀመርኩት።

ሷሊህ የዚሁ የመተማ ልጅ ነው። አባቱ ሙጫና ዕጣን በግመል ከድንበሩ ማዶ ወዳለችው ገላባት የሚያሻግሩ ነጋዴ ነበሩ። እሱ ግን በጎረምሳነቱ ከነጋዴዎች ጋር በከሰላ አድርጎ ምጽዋ ወረደና በዚያው ቀረ። ሞቷል ተብሎ ከተረሳ በኋላ ነው ክንዶቹ በቃጠሎ ጠባሳ ተዥጎርጉረው፣ አንድ የሸራ ከረጢት አንጠልጥሎ ብቅ ያለው። የት ከርመህ ነው ሲሉት «የጣሊያን የጦር መርከብ ላይ» አለ። ምን ስትሠራ ሲሉት «እሳት ሳነድ» አለ።

እኔ የማውቀው መርከብ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የተሣለውን የኖኅን ነው። እንስሳቱ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ሲገቡ አይቻለሁ፤ እሳት የሚያነድ ሰው ግን አላየሁበትም።

«ውሃ ላይ ሁናችሁ እሳት ታነዳላችሁ?» አልኩት።

«ሳይነድማ በምን ይሂድ?»

«በንፋስ ነዋ!»

«እሱ የድሮው ነው። የኛው ከላይ እስከ ታች ብረት ነው። ውሃ አፍልተን በእንፋሎቱ ነው የምናስኬደው።»

«ብረት ሁኖ አይሰጥምም?»

«አንች ታይቱ፣ እኔን ከምታደርቂ ቤትሽ ግቢና የብረት ድስትሽን ውሃ ላይ አስቀምጭው።»

ሄጄ አስቀመጥኩት። ተንሳፈፈ። በርበሬ ጨመርኩበት፤ ተንሳፈፈ። ጨው ጨመርኩበት፤ ዝቅ አለ እንጂ አልሰጠመም። ባሌ ከውጭ ገብቶ ገንዳ ላይ አጎንብሼ ድስት ስገፋ ሲያየኝ አማተበ። በነጋታው ለሷሊህ ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ባሕሩ ዳር እስከ ዳር ጨው መሆኑን ነገረኝና እኔ ደግሞ በተራዬ አበድኩ። ያ ሁሉ ጨው ተኝቶ እኔ ከግመል ነጋዴ ጋር ስጨቃጨቅ መዋሌ ነው!

«ሂጅና ቅጅዋ» አለኝ። «እኛማ የሚጠጣ ውሃ አጥተን ባሕሩን አፍልተን እንፋሎቱን ነበር የምንጠጣው።»

ጥያቄዬ አያልቅም ነበር። ግን እሱ የሚስቀው ለላይ ላዩ ነው። ውስጡ ሌላ ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ ያወቅሁትም እሱ ነግሮኝ አይደለም።

የመጣ ሰሞን የመንደራችንን ቄስ፣ ቄስ አዛናውን፣ ወደ ዳሱ ጠርቶ አንድ ነገር ነገራቸው። ዳሱን ከመደቤ የሚለየው አንድ ሰሌን ነው፤ ጆሮዬን ልድፈነው? የእትየ አገኘሽ ልጅ ፈረደ፣ ሥራ ፍለጋ ብሎ ከአገር የወጣው፣ እዚያው መርከብ ላይ ከሷሊህ ጋር እሳት ያነድ ኖሯል። ባለፈው ሐምሌ፣ ባሕሩ ራሱ እንደ ሻይ ሲሞቅ፣ የምድጃው ግለት ጣለውና ሞተ። የተቀበረውም ባሕር ውስጥ ነው።

እትየ አገኘሽ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያንን አንድ ልጅ ብለው የኖሩ ሴት ናቸው። ቄስ አዛናው ሽማግሌዎቹን ሰብስበው መከሩ። መርዶ እንደ ገበያ ወሬ አይነገርም። ቀን ይቆረጥለታል፣ ሰው ይመረጥለታል፣ ጎህ ሲቀድ ደጃፍ ድረስ ተኪዶ ነው የሚነገረው። ቀኑን ልቁረጥ ሲሉ ደግሞ ሰሊጡ መጣባቸው። ሰሊጥ እንደ ማሽላ አይታገሥም፤ ደርሶ ሳያጭዱት ከቀሩ ፍሬው ራሱን ከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። አሁን ቢረዱ ሴትዮዋ ለቅሶ ይቀመጣሉ፣ ጎረቤቱም አብሮ ይቀመጣል፣ የዓመት ልፋታቸው ለወፍ ይሆናል። ስለዚህ «ሰሊጡ ይነሣ፣ ከዚያ ይረዳሉ» ተባለ። ቄስ አዛናው ተመልሰው መጥተው ለሷሊህ ነገሩት።

«እስከዚያ ቢጠይቁህ ደኅና ነው በላቸው» አሉት።

«አባ፣ መርዶውን አልነግርም፤ እሱ የናንተ ነው። ደኅና ነውም አልልም፤ እሱ ውሸት ነው።»

«እና ምን ልትል ነው?»

«ስለ መርከቡ እነግራቸዋለሁ» አለ።

ቄሱ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። እኔም ዝም አይነቅዝም ብዬ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ከብዶኝ ዝም ያልኩበት ጊዜ የለም።

እትየ አገኘሽ በመጀመሪያው ገበያ መጡ። ከልጃቸው ጋር የነበረ ሰው ገባ መባሉን ሰምተው ከአረም ላይ ተነሥተው ነው የመጡት፤ ጭቃው እግራቸው ላይ አልደረቀም። ቀጭን፣ ረዥም፣ ፈጣን ሴት ናቸው። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርሱ «ልጄ ደኅና ነው?» አሉ።

ሷሊህ መዶሻውን አስቀመጠ። «እትየ፣ ይቀመጡ። የሚሠራበትን መርከብ ላሳይዎ» አለ።

ከጣሊያኖቹ ምሽግ ሥር ከሚጣለው የቲማቲም ድልህ ጣሳ አንዱን አነሣ። በመቀስ ሰነጠቀው፣ ዘረጋው፣ በመዶሻ ደለደለው፣ ከዚያ አጥፎ አፍንጫውን አሾለው። «ይህ ፊቱ ነው። ውሃውን የሚሰነጥቀው በዚህ ነው» አላቸው። እትየ አገኘሽ ተቀብለው አገላበጡት፣ ጫፉን በጣታቸው ዳሰሱት። የጠየቁት ሌላ እንደነበር ለጊዜው ረሱት። እኔም ብሆን ረስቼዋለሁ፤ ያ ሹል ነገር ምን ሊሆን ነው ብዬ አንገቴን በሰሌኑ ላይ አስግጌ ነበር።

መርከቡ እንዲህ ተጀመረ። እሳቸው በየገበያው እየመጡ ይጠይቃሉ፤ ሷሊህ በአፉ መመለስ የማይችለውን በቆርቆሮ ይመልሳል። የት ነው የሚተኛ? አንዲት የሸራ ቁራጭ በክር ግራና ቀኝ አንጠልጥሎ ያሳያቸዋል።

«መሬት አይተኛም?»

«መሬት የለም፣ እትየ። ወለሉም ይወዛወዛል። በገመድ የተንጠለጠለ አልጋ ግን መርከቡ ሲዘምም አብሮ እየዘመመ ሰውየውን ቀጥ አርጎ ያስተኛዋል።»

«እንደ እንዝርት?»

«እንደሱ በሉት።»

የሚበላው ምንድን ነው? እንደ ድንጋይ የደረቀ ብስኩት፤ ሰው ውሃ ውስጥ ሳይነክረው ከነከሰው ጥርሱን ያጣል። መቶ ጊዜ ሲጠየቅ አንድ ጊዜ አይሰለችም። መድፎቹን ከተተኮሰ ጥይት ቀለህ ሠራቸው። ጭስ ማውጫውን ከሸንበቆ ቆርጦ በቆርቆሮ ለበጠው። ምሰሶውን ከሽመል፣ ገመዱን ከጥጥ ክር፣ ማጣበቂያውን ደግሞ ከአባቱ ንግድ ከሙጫው አደረገ። ሰው ብቻ አልሠራም። «ነፍስ ልሰጠው ነው የምቀርጸው? ይቅር ይበለኝ» ይላል።

ሰው ባይሠራም በሰው ይለካ ነበር። አንዲት የክብሪት እንጨት ጆሮው ላይ ይሰካል፤ እሷ አንድ ሰው ናት። በር ሲከፍት ክብሪቷን ያቆምና ጭንቅላቷ ካለፈ ደግ፣ ከነካ እንደገና ይቆርጠዋል። አልጋውንም፣ ደረጃውንም፣ የመድፉንም ቁመት በሷ ነው። እትየ አገኘሽ ይህን አይተው «ይችኛዋ ማን ናት?» አሉት።

«መለኪያ ናት፤ ሰው በሏት።»

«እንግዲያማ ፈረደ ይሁን» አሉና ክብሪቷን ወስደው አልጋው ላይ አጋደሟት። ሷሊህ ወደኔ አየ፤ እኔ ወደ ጨዌ አየሁ።

ከዚያ በኋላ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ክብሪቷን ሆነ። አልጋ ላይ ያስተኟታል፣ ደረጃ ያስወጧታል፣ መድፉ አጠገብ ያቆሟታል። ትልቅ ሴት እንደ ልጅ ሲጫወቱ ማየት ያስቃል፤ እኔም እስቅና የሰፈርሁትን ጨው መልሼ እሰፍራለሁ። አንድ ሰው የሚጠይቀውን ሁሉ የማወቅ መብት አለው ብዬ የማምን ሴት ነኝ። መልሱን አውቄ ሳለሁ ከንፈሬን ነክሼ መቀመጥ ለኔ ቅጣት ነበር።

የሚገርመው የሷሊህ እውቀት ነው። የመርከቡን ሆድ እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል። የድንጋይ ከሰሉ የት እንደሚከመር፣ የምድጃው በር በየት በኩል እንደሚከፈት፣ የትኛው ቱቦ ሲነካ ቆዳ እንደሚልጥ ሁሉ ያውቃል። ላዩን ግን ስጠይቀው ይደናበራል። «እኛን መቼ ያወጡናል? ስንወጣም ዓይናችን በብርሃኑ ይታወራል» ይለኛል። ታዲያ አንድ ቀን አንድ የምሽጉ ወታደር ሲያልፍ መርከቡን አይቶ ቆመ። ጎንበስ ብሎ ዞረው፣ በጣቱ ቆጠረ፣ ከኋላም መድፍ እንዳለ በምልክት አሳየ። ከዚያ ፊቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሲያይ በሳቅ ፈነዳ። ሷሊህ መርከብ ሁሉ አፍንጫው ላይ ጽሑፍ አለው ብሎ የጣሳውን ጽሑፍ ሳይፍቅ ትቶት ነበር። ወታደሩ አንብቦ በተሰባበረ አማርኛ «ቲማቲም! ቲማቲም!» አለ። የአገሩ የጦር መርከብ ስሙ ቲማቲም ሆኖ ቀረ። ሷሊህ ጽሑፉን ሊፍቀው ሲል እትየ አገኘሽ ከለከሉት፤ ወድደውታል።

በዚያን ጊዜ ነው ስለ ጸሎት የጠየቁት። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት፣ መሬትም በሌለበት፣ ልጃቸው ወዴት ዞሮ ነው የሚጸልየው?

«ወደ ምሥራቅ ነዋ» አለ ሷሊህ። «ግን መርከቡ ይዞራል። ዛሬ ፊት የነበረው ነገ ጀርባ ነው። ምሥራቁን የማገኝለት እኔ ነበርሁ። ለሶላቴ ስል አጥብቄ እጠይቃለሁና። ከምጽዋ ስንነሣ መካ በሰሜን ናት፤ እኔ ወዲህ እሱ ወዲያ እንሆናለን። ወደ ላይ ሄደን ፖርት ሱዳንን አልፈን ስንዘልቅ ግን መካም ምሥራቅ ናት። ያኔ ጎን ለጎን እንቆማለን። እሱ ያማትባል፣ እኔ እሰግዳለሁ።»

እትየ አገኘሽ «ብቻውን አይደለም እንግዲህ» አሉና ተነሥተው ሄዱ። ሷሊህ የዚያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራም። ኩራዝ ሊገዛ የመጣውን ሰው እንኳ አላየውም።

«ለምን ይኸን ያህል ትለፋለህ?» አልኩት። «አንድ ሁለት ነገር ነግረህ ብትሸኛቸውስ?»

«ሌላ የምሰጣቸው ምን አለኝ፣ ታይቱ?» አለኝ። ተቆጥቶ ነው የመሰለኝ፤ ኋላ ሳየው ግን የትንሿን አልጋ ገመድ እንደገና ያጠብቅ ነበር።

ኅዳር ገባ። የእትየ አገኘሽ ሰሊጥ ታጨደ፣ ነዶው ቆሞ ደረቀ፣ ተራገፈ። ቄስ አዛናው መጥተው ሰኞ ጎህ ሲቀድ እንደሚኬድ ለሷሊህ በሹክሹክታ ነገሩት፤ እኔም ሰማሁ። ቅዳሜ ገበያ ሆነ። እትየ አገኘሽ ሹሩባቸውን ተሠርተው፣ አንድ ቅል ሙሉ ሰሊጥ ለሷሊህ ይዘው መጡ። እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

መርከቡ አልቆ ነበር። ክንድ ከስንዝር የሚሆን ነው። ሷሊህ እስከዚያ ቀን ሳያሳያቸው ያቆየውን የጎኑን መዝጊያ ከፈተላቸው። ሆዱ ታየ፦ የምድጃዎቹ ረድፍ፣ በእውነተኛ ከሰል ፍርፋሪ የተሞላው ክፍል፣ ከምስማር የቀጠቀጣት አካፋ። እኔም እትየ አገኘሽም ጭንቅላታችን ሊጋጭ እስኪደርስ አጎነበስን። ያን ያህል ትንሽ አካፋ በምን ዓይኑ እንደሠራት እስካሁን አይገባኝም።

እትየ አገኘሽ ከጆሮው ላይ ክብሪቷን ነቀሉና መዳፉ ላይ አኖሩለት።

«የሚተኛበትን አሳየኸኝ። የሚበላበትን፣ የሚጸልይበትን አሳየኸኝ። እኔ ያስቀመጥኋት ሁሉ በግምት ነው» አሉ። «አንተ ታውቀዋለህ። ፀሐይዋ ያችትና። አሁን፣ በዚች ሰዓት፣ ልጄ ያለበት ላይ አስቀምጥልኝ።»

ሷሊህ ክብሪቷን በሁለት ጣቱ ያዘ። ወደ ምድጃው ወሰዳት፤ መለሳት። ወደ አልጋው ወሰዳት፤ መለሳት። ከላይኛው ወለል በላይ ጥቂት አቆያት፣ እጁ አየር ላይ ቀረ። እኔ አላስችል ብሎኝ «ተኝቶ ይሆናላ፣ እትየ! እዚያው አልጋው ላይ ያስቀምጣት!» አልኩ። ሷሊህ ራሱን ነቀነቀ። እጁን ከመርከቡ አራቀና ጉልበቱ ላይ አሳረፈው፤ ክብሪቷም መዳፉ ውስጥ ቀረች።

እትየ አገኘሽ መርከቡን አዩ። የተዘጋውን እጁን አዩ። እንደገና መርከቡን አዩ።

«መርከቡ ላይ የለም» አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

ሷሊህ ዓይኑን አላነሣም። እኔ የምጮኽ መስሎኝ አፌን በነጠላዬ ያዝሁ። እሳቸው ግን አልጮኹም። ቀስ ብለው ተነሡ፣ ቀሚሳቸውን አራገፉ።

«ሷሊህ፣ አንተ ምንም አልነገርኸኝም። አንችም ታይቱ ምንም አልሰማሽም» አሉ። «የሽማግሌን ሥራ ለሽማግሌ እንተውለት። መቼ ነው?»

«ሰኞ ሲነጋ» አልኩ፤ አፌ ከኔ ቀድሞ።

«ደግ።» ወደ መደቤ ዞሩ። «እንግዲያው ጨው ስጭኝ። በርበሬም።»

ምን ያህል ብዬ ስጠይቃቸው እንቅባቸውን ዘረጉ። አንዲት ባልቴት ዓመት የማትጨርሰው ነው። ለማን እንደሆነ ሲገባኝ መስፈሪያውን ጣልሁትና በእጄ እየዛቅሁ ሞላሁላቸው። እንቅቡን በራሳቸው ላይ አድርገው ሄዱ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ነበርሁ፤ የት ልቀር? ግቢው ተጠርጓል። ቁርበቱ ዙሪያውን ተነጥፏል። ጋኖቹ ውሃ ሞልተዋል። ቄስ አዛናው ይህን አይተው ግራ ገባቸውና ቆም አሉ። እትየ አገኘሽ በር ላይ ወጥተው እንግዳ እንደመጣበት ሰው «ደኅና አደራችሁ? ምነው በማለዳ?» አሉ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው «አይዞዎት፤ እግዚአብሔር የሰጠውን…» ብለው ሳይጨርሱ ያቺ ሴት የጮኸችው ጩኸት እስከ ገላባት ሳይሰማ አይቀርም። ያወቀ ሰው አይደነግጥም ያለ ሰው የዚያን ዕለት አልነበረም። እኔ አስቀድመው ማወቃቸውን የማውቀው እንኳ መሬት ላይ ተደፍቼ እንደ እናቱ አለቀስሁ።

አስከሬን ለሌለው ሰው በልብሱ ነው የሚለቀስ። ትልቅ ሰው ከሆነ ደግሞ በቅሎው እንደተጫነች፣ ጠመንጃው እንደተወለወለ መሐል ይቆማል። ፈረደ በቅሎም ጠመንጃም አልነበረው። የልጅነት እጀ ጠባቡ አልጋ ላይ ተዘርግቶ እናቱ «የልጄን በቅሎ አምጡልኝ» አሉ። ሷሊህ መርከቡን በራሱ ተሸክሞ በለቀስተኛው መሐል ገባ። አንዳንዱ «የጣሊያን መርከብ ለቅሶ ላይ?» ብሎ አጉረመረመ። አልቃሿ አየሁሽ ግን አልተቸገረችም፤ መርከቡን አንዴ ዞር ብላ አይታ ሙሾውን አወረደችው፦

«በቅሎው ብረት ለባሽ፣ ጎዳናው ውሃ፤
ዱካው አይፈለግ በዚያ በረሃ።»

ሰዉ ደረቱን መታ። ለቅሶው ሲግል እትየ አገኘሽ እጃቸውን አነሡና ሁሉም ጸጥ አለ። ሷሊህን ጠሩት። ያን ሁሉ ገበያ እንደተቀመጡት ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ አሁን ግን መካከላቸው የሚደበቅ ነገር አልነበረም።

«የት ላይ ወደቀ?»

መዝጊያውን ከፈተ። «እዚህ፣ ከምድጃው ፊት።»

«ውሃ አገኘ?»

«ወደ ላይ አወጣነው። በእጄ አጠጣሁት፣ እትየ። ንፋስም አገኘ።»

«በምን ከፈናችሁት?»

«በአዲስ ሸራ። እኔ ራሴ ሰፋሁት። እንዳይንሳፈፍ ብረት አሰርንለት።»

«ማተቡስ?»

«አንገቱ ላይ ነው። ማንም አልነካበትም።»

«ዓይኑን ማን ከደነለት?»

«እኔ ነኝ፣ እትየ» አለ።

እትየ አገኘሽ ሁለቱንም እጆቹን ያዙ። ጠባሳውን አላዩትም፣ ጥላሸቱን አልጠረጉትም። ወደ ፊታቸው ሳቡና መዳፎቹን የገዛ ዓይናቸው ላይ አድርገው ያዟቸው። ሷሊህ አላነሣቸውም። ለቅሶው እንደገና ተነሣ፣ ተመልሶም በረደ፣ እሳቸው እንደዚያው ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠየቁም።